ሰፈራችን ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ሊከፈት ነው፤ ማን ይፈቅዳል? የመኪናውስ ነገር?

ደብረ ብርሃን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አንዲት እናት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ አዝላ በኮብልስቶኑ ላይ ትሮጣለች። የፋብሪካው ሰርቪስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ አይጠብቃትም። ሰርቪሱ ላይ ከመድረሷ በፊት ደግሞ ልጁን ለአንድ ሰው ማስረከብ አለባት። ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ ወይም ራሷ ገና ልጅ ለሆነች የዘመድ ልጅ።

አሁን እዚያው ሰፈር ሌላ እናት ግቢያቸውን የሕፃናት ማቆያ ሊያደርጉት አሰቡ እንበል። ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ቡና ላይ ግማሹ «እሰይ፣ ተገላገልን» አለ። ግማሹ ደግሞ «ልጆቹስ ይምጡ፤ ባጃጁና መኪናው ግን በየት ሊያልፍ ነው?» አለ። እድር ላይ ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ። ይህ ለማብራሪያ ያመጣሁት ምሳሌ ነው። ግን ሰፈሩን ቀይሮ ያልሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ክርክር ብዙ ጊዜ «ይከፈት» እና «አይከፈት» በሚሉ ሁለት ቃላት ላይ ይቆማል። የከተማ ፕላንና የፈቃድ አሠራሩ ግን ከዚያ በላይ ቦታ አለው። የት ይከፈት? ስንት ልጅ ይያዝ? በሩ በየትኛው መንገድ ይሁን? ባጃጁ የት ይቁም? የመኪናው ጭንቀት መልስ የሚያገኘው እነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ለመሆኑ ማቆያው መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ለምን ይሆናል?

ከሕጉ እንጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሴት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። 90 የሥራ ቀን ሲባል ብዙ ይመስላል። በሳምንት 6 ቀን ለምትሠራ ሴት ግን 15 ሳምንት ነው። ሦስት ወር ተኩል ማለት ነው። የሦስት ወር ተኩል ልጅ አይቀመጥም፣ አይድህም፣ ከጡት ሌላ ምግብም አልጀመረም። እናቱ ግን ሥራ ትገባለች።

ለመንግሥት ሠራተኛ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዞ ነበር። የግል ፋብሪካ ሠራተኛዋን፣ ጉሊት የምትቸረችረውንና የቀን ሠራተኛዋን ግን ይህ አይመለከታቸውም። ደብረ ብርሃን ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። የቢራ ፋብሪካዎቹ ተከተሉ። በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በልብስ ስፌት ሥራ ደግሞ ሴቶች ይበዛሉ። ከገጠር ወረዳ ለሥራ የመጣች ወጣት እናቷ አጠገቧ የለችም። አያት ትሸፍነው የነበረውን ሥራ አሁን የሚሸፍን ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ማቆያው ከከተማው ዳር፣ ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ቢሠራስ? ለመኪና ይመቻል። ለእናት ግን አይመችም። ልጇን ይዛ የምትነሣው ከቤቷ ነው። ሁለት ባጃጅ ቀይራ ልጅ አድርሳ ተመልሳ ሰርቪስ ልትይዝ አትችልም። ማቆያ የሚጠቅመው መኖሪያ አጠገብ ሲሆን ነው። መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ደግሞ መንገዱ ጠባብ ነው። ጭንቀቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

«ዞኒንግ» ምንድን ነው? ከሰሜን ሸዋ ዞን ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። ሰሜን ሸዋ ዞን የአስተዳደር እርከን ነው። በከተማ ፕላን ቋንቋ ዞኒንግ ሲባል ግን የከተማውን መሬት ለምን አገልግሎት እንደሚውል መከፋፈል ነው። በአማርኛ የመሬት አጠቃቀም ይባላል። ይህ ቦታ ለመኖሪያ፣ ያኛው ለንግድ፣ ሌላው ለማምረቻ፣ ያኛው ለአረንጓዴ ቦታ ይባላል። ለቅይጥ አገልግሎት የሚተውም አለ። ቅይጥ ማለት መኖሪያና ንግድ፣ ወይም መኖሪያና ሌላ አገልግሎት፣ አብረው የሚኖሩበት ነው።

የገጠር ግቢ አስቡ። እልፍኙ፣ ማድ ቤቱ፣ ጎተራው፣ በረቱ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ጎተራ ከምድጃ አጠገብ አይተከልም፤ እሳት ይይዘዋል። በረት ከእልፍኝ በላይ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል አይደረግም፤ ሽታው ይገባል። ውኃ ግን ለሁሉም ቅርብ መሆን አለበት። የከተማ ፕላን ይህንኑ ለብዙ ሺህ ሰው ግቢ ያደርገዋል። የትኛው ከየትኛው ይራቅ፣ የትኛው ለሁሉም ይቅረብ ብሎ ይደለድላል። ማቆያ በእኔ አስተያየት እንደ ውኃው ነው። ለሁሉም ቅርብ መሆን ያለበት ነገር ነው። ብቻ ቀጂው ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዳይመጣ መላ ያስፈልገዋል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያስቀምጣል። አንዱ መዋቅራዊ ፕላን ነው። ሰው በተለምዶ «ማስተር ፕላን» የሚለው ይህን ነው። የከተማውን ጠቅላላ አቅጣጫ ያሳያል፤ ዋና መንገዶች በየት ይሄዳሉ፣ ከተማው ወዴት ያድጋል፣ የትኛው ሰፈር ለምን ይውላል። ዕድሜው 10 ዓመት ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ይህ ወደ ሰፈርና ወደ ቅያስ ይወርዳል። የሕንፃ ከፍታ፣ የውስጥ መንገድ ስፋትና የቦታ አጠቃቀም በዝርዝር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌያችን ሰፈር ዋናው ይህ ሁለተኛው ነው።

ግቢው የእኚያ እናት የራሳቸው ነው፤ ለምን ይጠይቃሉ?

ቤቱ የራሳቸው ነው። መሬቱ ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የያዙት የመጠቀም መብት ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታቸው ላይ ደግሞ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ተጽፏል። «ለመኖሪያ» የሚል ከሆነ፣ 30 ሕፃን ከጠዋት እስከ ማታ የሚውልበት ተቋም ለማድረግ የአገልግሎት ለውጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጎረቤትን አንድ ሁለት ልጅ በመልካም ፈቃድ ከመያዝ ይህ ይለያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታል። «ንግድ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ ምን ቀረኝ?» ይላል። መኪና ያለው ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና ቦሎ ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። መንጃ ፈቃድ ሰውዬው መንዳት መቻሉን ይናገራል። ሊብሬ መኪናው የማን እንደሆነ ይናገራል። ቦሎ መኪናው ተመርምሮ ማለፉን ይናገራል። ትራፊክ ሲያስቆማችሁ መንጃ ፈቃዱ ቦሎውን አይተካም።

ማቆያውም እንዲሁ ነው። የንግድ ፈቃድ ሥራውን ለመሥራት ነው። የብቃት ማረጋገጫ ለልጆቹ ነው፤ ሞግዚቶቹ እነማን ናቸው፣ ንጽሕናው እንዴት ነው፣ ምግቡስ የሚለውን ያያል። የፕላንና የግንባታ ፈቃዱ ደግሞ ለቦታውና ለሕንፃው ነው። የመኪናው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ በሦስተኛው ወረቀት ላይ ነው። ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሄዶ ስለ ባጃጅ መጨናነቅ ማመልከት የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው። የሰፈሩ አቤቱታ መሄድ ያለበት ማዘጋጃ ቤት፣ ፕላንና ግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ጋ ነው።

ሕንፃውን በተመለከተ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ምድብ «ሀ» ውስጥ ፎቅ የሌለው ቀላል ቤት ይገባ ነበር። ምድብ «ለ» ከዚያ ከፍ ይል ነበር። ምድብ «ሐ» ውስጥ ደግሞ የሕዝብና የተቋም ሕንፃዎች፣ ፋብሪካዎች፣ ከ12 ሜትር በላይ የሆኑ ሕንፃዎችም ይገቡ ነበር። ነጥቡ ይህ ነው፤ አንድ ተራ ቪላ አንድ ጡብ ሳይጨመርበት፣ በሚሰጠው አገልግሎት ብቻ ከቀላሉ ምድብ ወጥቶ ጥብቅ ወደሆነው ሊገባ ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤተሰብ ቤቱን ያውቀዋል፤ እሳት ቢነሣ ሁሉም በእግሩ ይወጣል። 30 ሕፃን ግን በእግሩ አይወጣም። አንድ ሞግዚት በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ ታቅፋ ትወጣለች? በሩ ስንት ነው? ወደ ውጭ ነው ወደ ውስጥ የሚከፈተው? የማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃ ሹም እነዚህን መጠየቁ ማጉላላት አይደለም።

ጎረቤት «አልፈልግም» ካለ ይቀራል?

አይቀርም። ጎረቤት ድምፅ አለው፤ ቁልፉ ግን በእጁ አይደለም። ይህ ብዙ ሰው ያናድዳል። ግን ተቃራኒውን አስቡት። እያንዳንዱ ጎረቤት የመከልከል ሥልጣን ቢኖረው ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት የትም ሰፈር አይገባም ነበር።

ድምፁ በሁለት ጊዜ ይሰማል። አንደኛው ጊዜ ፕላኑ ሲዘጋጅ ነው። በ574/2000 አዋጅ መሠረት ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። አዳራሽ ውስጥ ካርታ ተዘርግቶ «አስተያየት ያላችሁ» ይባላል። ያን ቀን ግን አዳራሹ ባዶ ነው። ሰፈሩ የሚነቃው ከዓመታት በኋላ ጎረቤቱ በር ላይ አሸዋ ሲደፋ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። «ይህ ሰፈር መኖሪያ ብቻ ይሁን» ወይም «ማቆያና መዋዕለ ሕፃናት ይፈቀድበት፣ ግን በሰፊው መንገድ ዳር ብቻ» ማለት የሚቀለው ያን ጊዜ ነበር።

ሁለተኛው ጊዜ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ማዘጋጃ ቤት ሲቀርብ ነው። እዚህ ላይ የአቤቱታው ይዘት ሁሉን ይወስናል። «ሰፈራችን ይረበሻል» የሚል አንድ ገጽ ከ80 ፊርማ ጋር ቢገባ፣ ለባለሙያው የሚይዘው ነገር የለውም። «መንገዱ 6 ሜትር ነው፤ በስተቀኝ ክፍት ቦይ አለ፤ መጨረሻው ዝግ ስለሆነ መኪና ዞሮ አይወጣም፤ ጠዋት ከ1:30 እስከ 2:00 ይህን ያህል ተሽከርካሪ ያልፋል» የሚል ሦስት ፊርማ ብቻ ያለበት ወረቀት ግን ባለሙያውን ወንበሩ ላይ ቀጥ ያደርገዋል። መለካት ይችላል፤ ሄዶ ማየት ይችላል። ወረቀቱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ ቁጥርና ቀን ያለበት ቅጂ ያዙ። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኝ የሚልበት መንገድም በሕንፃ ሕጉ ተዘርግቷል።

ማቆያው ከተከፈተ በኋላስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 አለ። ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክም መጉዳትም የለበትም ይላል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ፣ ንዝረት ይጠቅሳል። ግን ማንኛውንም ድምፅ አይደለም። ከደግ ጉርብትና ልክ ያለፈውን ነው። ልጅ ረፋድ ላይ ግቢ ውስጥ ሲጮህ ከልክ ያለፈ አይመስለኝም። ማለዳ 12 ሰዓት በር ላይ የተደረደረ ባጃጅ ሁሉ ክላክስ ሲነፋ ግን ሌላ ነገር ነው።

30 ልጅ ማለት 30 መኪና ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀት ደረስን። ትንሽ ቁጥር አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የእናንተን ሰፈር ቁጥር አስገብታችሁ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

30 ልጆች አሉ። 12ቱ ታዝለው ወይም በእግር ይመጣሉ፤ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። 12ቱ በባጃጅ፣ 6ቱ በቤት መኪና ይመጣሉ። 18 ተሽከርካሪ ማለት ነው። እያንዳንዱ አንዴ ገብቶ አንዴ ይወጣል፤ ጠዋት 36 ጊዜ መንገዱ ላይ ይታለፋል። ማታ ያው ነው። በቀን 72 ጊዜ። ሲሰሙት ያስደነግጣል።

ግን ለሰፈር ዋናው ቁጥር 72 አይደለም። «በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ስንት ይቆማል?» የሚለው ነው። ሕፃን ማስረከብ ዕቃ እንደማውረድ አይደለም። ጋቢው ይፈታል። «ሌሊት አልተኛም፣ ጡት የጠባው 12 ሰዓት ላይ ነው» ይባላል። ቦርሳው፣ ጡጦው ይሰጣል። ልጁ ያለቅሳል፤ እናት ትመለሳለች። 5 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ባጃጁም ወደ ሥራዋ ሊያደርሳት ቆሞ ይጠብቃል። 18 ተሽከርካሪ በ5 ደቂቃ ሲባዛ 90 ደቂቃ የመቆሚያ ጊዜ ነው።

እነዚህ 90 ደቂቃዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተበተኑ፣ በሩ ላይ በማንኛውም ቅጽበት በአማካይ አንድ ወይም ሁለት ተሽከርካሪ ቢቆም ነው። ሰፈሩ ልብ አይለውም። ሁሉም ወላጅ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከመጣ ግን 90 ለ15 ሲካፈል 6 ነው። ስድስት ተሽከርካሪ በአንድ ጊዜ! አራት ባጃጅና ሁለት መኪና ቢሆን፣ ክፍተቱን ጨምሮ ወደ 26 ሜትር ይረዝማል። የግቢው ፊት ለፊት 10 ሜትር ቢሆን ሰልፉ የሁለት ጎረቤት በር ይዘጋል። ልጆቹም ተሽከርካሪውም አልተቀየሩም። የተቀየረው ሰዓቱ ነው።

አሁን አንድ ነገር እንጨምር። ሞግዚት በር ላይ ቆማ ትቀበላለች፤ ስለ ጡትና ስለ እንቅልፍ የሚነገረው በደብተር ይጻፋል። ማስረከቢያው ከ5 ወደ 2 ደቂቃ ወረደ። በዚያው በ15 ደቂቃ ግርግር ውስጥ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆመው ከ6 ወደ 2 ወይም 3 ይወርዳል። መንገድ ማስፋት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። በር ላይ የምትቆም አንዲት ሞግዚት፣ አንድ ደብተርና ከብርዱ የሚከልል ትንሽ ዳስ ከዚያ በብዙ ያነሰ ወጪ ነው። ይህን ሒሳብ ከሠራሁ በኋላ ስለ ማቆያና ስለ መኪና ሲወራ መጀመሪያ የምጠይቀው የመግቢያ ሰዓታቸውን ነው።

ሌላም መታየት ያለበት አለ። ከሚመጡት ተሽከርካሪዎች ጥቂቶቹ ድሮም በዚያው መንገድ ያልፉ የነበሩ ናቸው። ጎረቤት ሥራ ሲሄድ መንገዱን ሳይለቅ ልጁን ያወርዳል። እሱ አዲስ መኪና አልጨመረም፤ ቆመ እንጂ። በዚያ ላይ ማቆያው ብዙ የሰፈር ልጆች ከያዘ በእግር የሚመጣው ይበዛል። ከሩቅ የሚመጣውን ከሳበ ባጃጁ ይበዛል። ስለዚህ «ስንት ልጅ?» ከማለት ጋር «ከየት የሚመጡ?» ማለት ያስፈልጋል።

አደጋው የቱ ጋ ነው?

መጨናነቅና አደጋ አንድ አይደሉም። የተጨናነቀ መንገድ ያናድዳል፤ ግን ቀስ ይላል። አደጋው ብዙ ጊዜ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

አንዱ ወደኋላ መንዳት ነው። ዝግ ቅያስ ውስጥ የገባ መኪና ለመውጣት ወደኋላ ይሄዳል። የሁለት ዓመት ልጅ ከመኪና ጀርባ ቢቆም በመስታወት አይታይም። ስለዚህ ወዲያ ማዶ መውጫ ያለው መንገድ ከዝግ ቅያስ እጅግ ይሻላል። ተሽከርካሪው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ወላጆች በዚህ ላይ ቢስማሙ ያለ ምንም ግንባታ ችግሩ ይቀላል።

ሌላው የመንገዱ ስፋት ነው። 6 ሜትር ኮብል ላይ በግራና በቀኝ አንዳንድ መኪና ቢቆም፣ እያንዳንዱ 1.8 ሜትር ያህል ይይዛል። መሃል ላይ 2.4 ሜትር ይቀራል። አንድ መኪና ያልፋል። ሁለት አይተላለፍም። ጋሪ ከመጣ ደግሞ ሁሉም ይቆማል፤ ፈረስ ወደኋላ አይባልም። በአንድ በኩል ብቻ መቆም ቢፈቀድ 4.2 ሜትር ይቀራል፤ ባጃጅና መኪና ተጠንቅቀው ይተላለፋሉ። ክፍት ቦይ ካለ ግን ከዚህም ላይ ይቀነሳል። ቦዩ ላይ በር አካባቢ የኮንክሪት ክዳን (ሶሌታ) ማልበስ ለልጅ እግርም ለመኪና ጎማም ነው።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ30 ሲሄድ 8 ሜትር። አሽከርካሪ ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ50 የሚመጣው እግሩ ፍሬኑን ሳይነካ 14 ሜትር ሄዷል። ክረምት ላይ የደብረ ብርሃን ጭጋግ ሲወርድ ከፊት ያለው በቅጡ አይታይም፤ ኮብሉም ያንሸራትታል።

ለዚህ ነው «ሰፊ ስለሆነ አስፋልቱ ዳር ይሁን» የሚለው ሐሳብ እኔን የሚያስፈራኝ። ደብረ ብርሃንን የሚያቋርጠው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው ዋና መንገድ ነው። ከባድ መኪና፣ አውቶቡስ፣ የፋብሪካ ጭነት የሚያልፍበት ነው። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ይብሳል። ከጣርማ በር ተራራ ቁልቁል የወረደ ጭነት መኪና ፍሬኑ ግሎ ነው ከተማ የሚገባው። የማቆያ በር እንዲህ ባለ መንገድ ላይ በቀጥታ መከፈት የለበትም። የሚሻለው ከአስፋልቱ አንድ ቅያስ ገባ ያለ፣ ሁለት መውጫ ያለው፣ ባጃጅ ለአፍታ የሚቆምበት ጥግ ያለው ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ በየሰፈሩ አይጠፋም።

«በቅድመ ሁኔታ ይፈቀድ» ማለት ምን ማለት ነው?

በ«እሺ» እና በ«እምቢ» መካከል ያለ መልስ ነው። ይከፈት፣ ግን እነዚህን አሟልቶ ማለት ነው። ጉልበቱ ግን በአጻጻፉ ላይ ነው። «ትራፊክ እንዳይጨናነቅ ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል ሁኔታ ምንም አይሠራም። ተጣሰ የሚባለው መቼ ነው? ማንም አያውቅም። «ከ30 ልጅ አይበልጥ» ግን ይቆጠራል። «የመግቢያ ሰዓት ከ1:00 እስከ 2:00 ተከፋፍሎ፣ ግማሹ ወላጅ እስከ 1:30 እንዲያስገባ» የሚለውም ይታያል። «የግቢው በር ከአጥሩ 5 ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይሠራ፤ ባጃጅ ከመንገዱ ወጥቶ እንዲቆም» የሚለው በሜትር ይለካል። «በመግቢያና በመውጫ ሰዓት አንድ ሠራተኛ በር ላይ ትቁም» የሚለው በዓይን ይታያል። «ከ6 ወር በኋላ እንደገና ይታይ» የሚል ሲጨመርበት ደግሞ ሰፈሩ እስከ ወዲያኛው እንዳልተፈረደበት ያውቃል።

ከነዚህ አንዳንዱ የማቆያው ባለቤት ግዴታ ነው። አንዳንዱ የእሳቸው አይደለም። ስፒድ ብሬከር መሥራት፣ ዜብራ መቀባት፣ «ሕፃናት ያቋርጣሉ» የሚል ምልክት መትከል የከተማው ሥራ ነው። ግለሰብ ተነሥቶ መንገድ ላይ አፈር ከምሮ ጉብታ ቢሠራ ሌላ አደጋ ይፈጥራል፤ በማታ የሚመጣ ባጃጅ ይገለበጥበታል። ስለዚህ አቤቱታ ሲጻፍ ከማን ምን እንደሚፈለግ ለይቶ መጻፍ ይጠቅማል። ለማቆያው ባለቤት የሚሆነውን ለማቆያው ባለቤት፣ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚሆነውን ለማዘጋጃ ቤቱ።

የማቆያው ባለቤትም ቢሆኑ ወረቀቱ እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። የግቢያቸውን ንድፍ ይዘው አንድ እሑድ ጎረቤቶቻቸውን ቡና ቢጠሩ፣ «በሩን በዚህ በኩል ላደርገው አስቤያለሁ፣ ምን ትላላችሁ?» ቢሉ፣ ማዘጋጃ ቤት ያልታየው ነገር እዚያ ይታያል። ጋሪው በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ቦዩ ሐምሌ ላይ የት እንደሚሞላ፣ የትኛው አባወራ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ጠዋት እንደሚተኛ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ከመፈረሜ በፊት ምን ላድርግ?

ፊርማው ለ«ይከፈት»ም ይሁን ለ«አይከፈት»፣ አንድ የሥራ ቀን ጠዋት ከ1:15 እስከ 2:15 ቦታው ላይ ቁሙ። ወፍራም ነገር ልበሱ። በየ15 ደቂቃው ስንት ባጃጅ፣ ስንት መኪና፣ ስንት ጋሪ፣ ስንት እግረኛ እንዳለፈ ጻፉ። መንገዱን ከአጥር እስከ አጥር፣ ከዚያም ከቦይ እስከ ቦይ ለኩ፤ ሜትር ከሌላችሁ በእርምጃ። መውጫው ስንት እንደሆነ እዩ። የገበያ ቀን ከሆነ ሌላ ቀን ድገሙት። ያቺን ልጇን አዝላ የምትሮጠዋን እናት ካገኛችሁም በእግረኛው ቁጥር ውስጥ አስገቧት፤ ጊዜ ካላትም ልጇን የት እንደምታደርስ ጠይቋት።